በመንገድ ዳር ስለሚተከሉ ዛፎችና ስለ ፍሬያቸው

ዛፍን የሚተክል ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ጥላውና ስለ መልኩ ነው፤ ፍሬው በሚረግፍበት ወራት በሥሩ ማን እንደሚያልፍ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። በእርሻ ውስጥ በረከት የነበረው ፍሬ በከተማ መንገድ ላይ ሲወድቅ መሰናክል የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

በአሜሪካ በካሊፎርኒያ፥ በዴቪስ ከተማ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ በግቢው ውስጥና በመንገዶቹ ዳር ብዙ የወይራ ዛፍ አለው። ይህ ወይራ በደጋው አገራችን ከሚበቅለው ወይራ ጋራ በዘር አንድ ሲሆን፥ ፍሬው ግን እጅግ የተለቀና ዘይት የሞላበት ነው። ፍሬው በስሎ በሚረግፍበት ወራት ተማሪዎች በቢስክሌት የሚሄዱበትን መንገድ ዘይቱ ስለሚያሟልጨው፥ ሰዎች እየተንሸራተቱ ይወድቁና ይጐዱ ነበር። ዩኒቨርሲቲውም መንገዱን ለማስጠረግና በጉዳቱ ምክንያት ለሚነሣው ክስ በያመቱ ብዙ ገንዘብ ያወጣ ነበር።

ለእንዲህ ያለው ችግር የዕፀዋት ሊቃውንት ያገኙት አንደኛው መፍትሔ ዛፉን ሳይቈርጡ ፍሬውን ብቻ የሚያስቀር መድኃኒት ነው። የዚህም ነገር አመጣጥ የሚያስደንቅ ነው። በ19ኛው ምዕት ዓመት በኤውሮጳ ከተሞች ለመንገድ መብራት በመሬት ውስጥ በቧንቧ ይተላለፍ የነበረው ጋዝ እያፈተለከ የመንገድ ዳር ዛፎችን ቅጠል ያለ ጊዜው ያራግፍ ነበር። በ1901 ዓመት፥ በፈረንጆች አቈጣጠር፥ ዲሚትሪ ኔልዩቦቭ የተባለ የመስኮብ ሊቅ በዚያ ጋዝ ውስጥ ሆኖ ዕፀዋትን የሚለውጠው ኤቲሊን የሚባለው መሆኑን ገለጠ። ኋላም ዕፀዋት ራሳቸው ይህን ኤቲሊን እንደሚያወጡ፥ ፍሬ የሚበስለውና ቅጠልም የሚረግፈው በእርሱ ኃይል ጭምር መሆኑ ታወቀ።

ዛሬ ኤቴፎን የሚባለው መድኃኒት በውሃ ተበጥብጦ በአበባው ላይ ሲረጭ፥ በዕፁ ውስጥ ይፈርስና ኤቲሊንን ያወጣል፤ አበባውም ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። ዛፉ ግን ጥላውን እንደ ሰጠ ይኖራል። እንደዚህ ሆኖ አስቀድሞ የዛፎች ጥፋት የነበረው ነገር፥ በልክና በጊዜው ሲሰጥ ዛፍን ከመቈረጥ የሚያድን ሆነ።

ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ጊዜን የሚያውቅ ሠራተኛ ይፈልጋል። ለወይራ የተመረጠው ሰዓት ከአበባው እኩሌታው ወይም ከአራት እጅ ሦስቱ የፈነዳ ጊዜ ነው። ቀድሞ ቢረጭ እንቡጡ በኋላ ፈንድቶ ያፈራል፤ ዘግይቶ ቢረጭ ፍሬው አስቀድሞ ተቋጥሮ ይገኛል። በድርቅ ወይም በበሽታ የደከመ ዛፍ ቢረጭ ቅጠሉ ይጐዳል። ረዥም የሆነውን ዛፍ አበባውን ሁሉ ማዳረስ አስቸጋሪ ስለ ሆነ፥ ጥቂት ፍሬ ሳይቀር አይቀርም፤ ይህም የተረፈው ፍሬ ለምግብ እንዲውል አይገባም። ከሁሉ ይልቅ የመድኃኒቱ ኃይል ለአንድ ዓመት ብቻ ነው። በሚመጣው ዓመት ዛፉ እንደ ልማዱ ያብባል፤ ድካሙና ወጪውም ይደገማል።

የዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከዚህ የተለየ መንገድ አገኘ። በ2005 ፍሬው በመንገድ ላይ ሳይረግፍ ከዛፉ እየተለቀመና እየተጨመቀ ዘይቱ ይሸጥ ጀመር፤ በ2008ም ስለ ወይራና ስለ ዘይቱ የሚመረምር ማዕከል ተቋቋመ። ሰውን ይጥል የነበረው ፍሬ ገንዘብንም ዕውቀትንም አስገኘ።

የዚያው ዩኒቨርሲቲ ሊቅ የነበሩት ሃድሰን ሃርትማንም ስዋን ሂል የሚባለውን፥ ከአውስትራልያ የተገኘውንና ፍሬ የማያፈራውን የወይራ ዓይነት ለአሜሪካ ተካዮች አስተዋውቀዋል። ይህን የተከለ ሰው በያመቱ ስለ መርጨትም ስለ መልቀምም አያስብም።

ከዚህ ሁሉ የሚታየው፥ ጥፋቱ የፍሬው ሳይሆን የቦታው ምርጫ መሆኑ ነው። ስለዚህ የከተማን ዛፍ የሚያስተዳድር ሹም፥ ዛፉ ተተክሎ አድጎ እንደ ሆነ፥ መቈረጡን ከማዘዙ በፊት ፍሬው ተለቅሞ የሚጠቅም መሆኑን ይመርምር፤ የማይጠቅም ቢሆን መድኃኒቱን በሚያውቅ ባለሙያ እጅ፥ በአበባው ጊዜ ያስረጭ። ገና የሚተከል እንደ ሆነ ግን ችግኙ ከመውረዱ በፊት ምን እንደሚያፈራና የት እንደሚያረግፈው ይጠይቅ። አንድ ወይራ ከተካዩ ዕድሜ በላይ ብዙ ዘመን ይኖራልና፥ በመትከያው ቀን የታሰበ ነገር ከኋላ ለሚመጡት ሁሉ ድካምን ያስቀርላቸዋል።