የጎረቤት ቤት ሲቃጠል ጩኸት ብቻ አይበቃም

ከመሥሪያ ቤት ወይም ከትምህርት ቤት ተመልሰው፣ ራትዎን በልተው፣ መጽሐፍዎን ገልጠው በተቀመጡበት ሰዓት «ኡኡ! እሳት! እሳት!» የሚል ጩኸት ከአጥር ወዲያ ቢሰሙ ምን ያደርጋሉ? «እሮጣለሁ» ይሉ ይሆናል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ሮጠው ከደረሱ በኋላስ?

እኔን ይህ ጥያቄ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ምሽት በድንገት አግኝቶኛል። የአንዲት ጎረቤታችን የላምባ ምድጃ ተገልብጦ ማድ ቤታቸው ተያያዘ። ልጆቻቸው ከጓዳ ተኝተዋል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተሰበሰበ፤ ሁሉም ይጮኻል፣ ሁሉም ያዝዛል፣ የሚታዘዝ ግን የለም። እኔም ቀድሜ ለመገኘት ስል አንድ ባልዲ ውኃ በሚነደው ላምባ ላይ ቸለስሁበት። ነበልባሉ በመጥፋት ፈንታ እስከ ጣሪያው ዘለለ፤ ቅንድቤንም ለበለበው። ላምባና ዘይት ከውኃ ስለሚቀሉ በላዩ ተንሳፈው እየነደዱ ይስፋፋሉና ነው።

ያዳኑን አንድ አዛውንት ናቸው። «ዝም በሉ!» ብለው ሥራ አከፋፈሉን። አንዱ ልጆቹን በጓሮ በር አወጣ፤ አንዱ ከቆጣሪው ላይ መብራቱን አጠፋ፤ አንዱ ለእሳት አደጋ ደወለ። በላምባው ላይ አፈርና ረጥቦ የተጨመቀ ጆንያ ተጣለበት። የቀረነው ከቧንቧው እስከ ደጁ ተሰልፈን ባልዲና ጀሪካን እየተቀባበልን ውኃውን በሚነደው እንጨት ላይ አፈሰስነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች በጠባቡ መንገድ የውኃ ጎማቸውን ዘርግተው እስኪደርሱ ድረስ እሳቱ ተዳክሞ ነበር።

የመንገድ ጥበት በእኛ ሰፈር ብቻ ያለ ችግር አይደለም፤ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ በተነሣው ቃጠሎም ሠራተኞቹን አስቸግሮ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በጎረቤት እጅ ናቸው ማለት ነው።

እንግዲህ ይኸን ያስታውሱ። አስቀድሞ ሰው ይውጣ፤ ዕቃ በኋላ ይተካል። ወዲያውም በ939 ይደወል። መብራቱ ሳይጠፋ ውኃ አይርጩ፤ ኤሌክትሪክ በውኃ ይተላለፋልና። ጢስ ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ቤት ውስጥ የተያዘ ሰው ጎንበስ ብሎ በወለሉ በኩል ይውጣ። እሳቱ ጣሪያውን ከያዘ ግን ወደ ውስጥ አይግቡ፤ የሚቀጥለውን ቤት ይጠብቁ። የተቃጠለ ገላ ላይ ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት ይጎዳል፤ 20 ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ያፍስሱበትና ወደ ሐኪም ይውሰዱት።

የጎረቤታችን ማድ ቤት ዐመድ ሆነ፤ የሰፈሩ ሰው አዋጥቶ መልሶ ሠራው። ልጆቹን ግን በመዋጮ መመለስ ባልተቻለ ነበር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለውም ክሮቹ እየተሳሰቡ እንጂ እየተጓተቱ አይደለም።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ጩኸቱ ሳይመጣ ዛሬ ማታ ይውጡና የእርስዎም የጎረቤትዎም ቆጣሪ የት እንዳለ፣ ውኃስ ከየት እንደሚቀዳ አይተው ይግቡ።