ለጀማሪ የሚሆን ርካሽ ዲጂታል ካሜራ፤ ጥቅሙና ጉድለቱ

በደብረ ታቦርና በአካባቢዋ ባሉት ከተሞች ሠርግ፣ ምረቃ፣ ጥምቀትና ቡሄ በደረሰ ቍጥር ፎቶግራፍ አንሺ ይፈለጋል። በዚህ ሙያ ራሱን ለመቻል ያሰበ ወጣት አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ባለሱቅ ሲሆን፣ የሚጠይቀውም «ዋጋው የማይከብድ ካሜራ አላችሁ ወይ?» ብሎ ነው። የባለሱቁ መልስ የወጣቱን ጥሪት ሊያለማ ወይም ሊያጠፋ የሚችል ስለሆነ፣ የዚህን ዕቃ ጠባይ ለነጋዴዎች መግለጽ ተገቢ ሆኖ ተገኝቷል።

እንደሚታወቀው የኪስ ካሜራ ንግድ እጅግ ቀንሷል። እ.ኤ.አ. በ2010 ሌንሳቸው የማይነቀል ከ100 ሚሊዮን በላይ ካሜራዎች ለዓለም ገበያ ቀርበው ነበር፤ በ2023 ግን ቍጥራቸው ወደ 1.7 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። ምክንያቱም የእጅ ስልክ ቦታቸውን በመውሰዱ ነው። ቢሆንም እንደ ኮዳክ ፒክስፕሮ ኤፍ ዜድ 45 ያሉት ርካሽ ዓይነቶች እስከ ዛሬ ገዢ አላቸው። እዚህ ላይ አስመጪው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በእነዚህ ካሜራዎች ላይ የኮዳክን ስም በፈቃድ የሚጠቀመው ጄኬ ኢሜጂንግ የተባለ ኩባንያ ነው። ስለዚህ የዋስትናና የመለዋወጫ ውል ሲዋዋል በስሙ ብቻ መተማመን አይገባውም።

የዕቃው ጥቅም ሦስት ነው። አንደኛ፣ ሌንሱ ራሱ እየተንቀሳቀሰ የራቀውን አራት ጊዜ ያህል ስለሚያቀርብ የምስሉ ጥራት እንደ ተራ ስልክ አይበላሽም። ሁለተኛ፣ ብልጭታው ከስልክ መብራት ይበረታል። ሦስተኛ፣ በየሱቁ በሚገኙ ሁለት ትናንሽ የባትሪ ድንጋዮች ይሠራል፤ ይህም የኤሌክትሪክ መብራት ላልደረሰበት ገጠር ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ተራው ድንጋይ፣ በተለይም በጉና ተራራ አካባቢ ባለው ብርድ፣ ቶሎ ስለሚደክም ተመልሶ የሚሞላውን ዓይነት አብሮ መሸጥ ይሻላል።

ጉድለቱም ቀላል አይደለም። ብርሃን የሚቀበለው ክፍል ስፋቱ 6 ሚሊሜትር በ4.5 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወይም በምሽት የሠርግ ዳስ የተነሣው ምስል አሸዋ የተበተነበት ይመስላል፤ ብልጭታውም ከጥቂት ሜትር አያልፍም። ቍልፉ ከተጫነ በኋላ ጥቂት ስለሚዘገይ እስክስታ የሚመታው ሰው ከቦታው አልፎ ይገኛል። በዓይን የሚታይበት ቀዳዳ ስለሌለውም በቀትር ፀሐይ መስተዋቱን ማየት ያስቸግራል። እንደ ወንዛዬ ፍል ውሃ ባለ እንፋሎት በበዛበት ስፍራ ደግሞ ብርድ ውስጥ የቆየ ካሜራ ወዲያው ከወጣ ሌንሱ ይደበዝዛል።

በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው 16 ሚሊዮን ነጥብ ገዢውን እንዳያታልል ያስፈልጋል። 10 በ15 ሳንቲሜትር ለሆነ ፎቶግራፍ 2 ሚሊዮን ያህል ነጥብ ይበቃል፤ ለጉርድ ፎቶግራፍ ከዚያም ያንሳል። ጥራትን የሚወስነው የብርሃን መቀበያው ስፋትና የሌንሱ ንጽሕና ነው።

ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መሆኑ ይታወሳል። እንዲህ ባለ ጊዜ ያለ ዕውቀት የተገዛ ዕቃ በመደርደሪያ ላይ ቢቀር ጉዳቱ የነጋዴው ነው፤ ያለ ዕውቀት ቢሸጥም ጉዳቱ የደንበኛው ይሆናል።

ስለዚህ ባለሱቅ ካሜራውን በደጃፍ ብርሃን ብቻ ሳይሆን በሱቁ ጨለማ ጥግም አንሥቶ ለገዢው ያሳይ። የማስታወሻ ካርዱንም እስኪሞላ ድረስ ጭኖ መልሶ ይመርምር፤ ከተጻፈበት መጠን በታች የሚይዝ አስመሳይ ካርድ በገበያ አለና። ለገዢውም እውነቱን ይንገር፦ በቀን ብርሃን ነጭ ጨርቅ ሰቅሎ፣ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ፣ ሌንሱን አቅርቦ ጉርድ ፎቶግራፍ ለማንሣት ይበቃል፤ የምሽት ሠርግ ለመዋዋል ግን አይበቃም። ለዚያ ሥራ ሌንሱ የሚለወጥ፣ ያገለገለም ቢሆን ደኅና ካሜራ ይመረጣል።

ይህን የሰማ ወጣት ዛሬ ትንሹን ገዝቶ በጉርድ ፎቶግራፍ ገንዘብ ቢያጠራቅም፣ ነገ ትልቁን ለመግዛት የሚመለሰው እውነቱን ወደ ነገረው ሱቅ ነው።