26 ሺህ ዲፒአይ ለምን ይጠቅማል?

በማኅበራዊ ሚዲያ በተደጋጋሚ የሚዞር አንድ ምክር አለ፦ «ለላፕቶፓችሁ የጌም ማውስ ስትገዙ ዲፒአዩን ብቻ እዩ፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ጥይታችሁ አይስትም።» ይባስ ብሎ ከፍተኛ ዲፒአይ ያለው ማውስ የዘገየ ላፕቶፕ ያፈጥናል የሚሉ ሻጮችም አልጠፉም። ሁለተኛው ወሬ ረጅም መልስ አያስፈልገውም፤ ማውስ ላፕቶፕ አያፈጥንም። የመጀመሪያው ግን የእውነት ጠብታ ስላለበት ብዙ ሰው ያሳስታል። ሳጥኑ ላይ 26000 የተጻፈበት ማውስ 12000 ከተጻፈበት በእጥፍ የሚበልጥ ስለሚመስል ያለ ምክንያት ገንዘብ ያስወጣል።

እስቲ እናስላው። ዲፒአይ ማውሱ አንድ ኢንች፣ ማለትም 2.54 ሳንቲ ሜትር ሲገፋ ስንት እርምጃ ቆጥሮ ለኮምፒውተሩ እንደሚናገር የሚገልጽ ቁጥር ነው። (ባለሙያዎች ሲፒአይ ይሉታል፤ ትክክሉም እሱ ነው፤ ገበያው ዲፒአይ ስላለ ግን እኔም በገበያው ስም እቀጥላለሁ።) የብዙ ላፕቶፖች ስክሪን 1920 ፒክስል ስፋት አለው። አንድ እርምጃ አንድ ፒክስል ከሆነ፣ በ800 ዲፒአይ ቀስቱን ከስክሪኑ ግራ ጠርዝ ቀኝ ጠርዝ ለማድረስ ማውሱን 6 ሳንቲ ሜትር ያህል መግፋት ይበቃል። በ26000 ግን 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚህ ቅንብር ጠላት ላይ ማነጣጠር ቀርቶ ፋይል መክፈትም ፈተና ነው፤ የጤነኛ ሰው እጅ ሳይቀር በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ በስሱ ይንቀጠቀጣልና። ካውንተር ስትራይክን በውድድር ደረጃ የሚጫወቱ አብዛኞቹ ሰዎች ማውሳቸውን 400፣ 800 ወይም 1600 ላይ የሚያስቀምጡት የተሻለ መግዛት አቅቷቸው አይደለም።

የማውስን ታሪክ በአጭሩ ልለፈው። ዳግላስ ኤንግልባርትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የሠሩት ከሥሩ ሁለት መንኮራኩሮች ያሉት የእንጨት ሳጥን ነበር። ኋላ ኳስ መጣ፤ ኳሱም አቧራ እየሰበሰበ ሲያስቸግር ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1999 ማይክሮሶፍት ኢንተሊማውስ ኤክስፕሎረርን ሲያወጣ ኳሱ መሰናበት ጀመረ። ቦታውን የወሰደው ካሜራ ነው።

አዎ፣ ካሜራ፦ መብራት፣ ሌንስና ብርሃን የሚቀበል ቺፕ። ፎቶው ግን ምስኪን ነው። በታይዋኑ ፒክስአርት ኩባንያ የተሠራውና በጌም ማውሶች ውስጥ በሰፊው የገባው ፒኤምደብሊው 3360 የተባለው ሴንሰር 36 በ36፣ በጠቅላላው 1296 ፒክስል ብቻ አለው። ርካሹ የስልክ ካሜራ እንኳ በሚሊዮን የሚቆጠር ፒክስል ይዟል። የማውሱ ካሜራ ድህነቱን የሚክሰው በፍጥነት ነው፤ የ1999ኙ ማውስ በሰከንድ 1500 ፎቶ ያነሳ ነበር፣ 3360 ደግሞ እስከ 12 ሺህ ያነሳል።

ወለሉ የተበሳ አሮጌ ሎንችና ውስጥ ተቀምጣችሁ በቀዳዳው ብቻ መንገዱን እያያችሁ ነው እንበል። መስኮት የለም፤ የት እንዳላችሁም አታውቁም። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስትገልጡ ቅድም ከቀዳዳው መሐል የነበረችው ነጭ ጠጠር አሁን ወደ ኋለኛው ጠርዝ ተጠግታለች። ስንት ጣት እንደተጠጋች አይታችሁ ሎንችናው ምን ያህል ወደ ፊት እንደሄደ ትናገራላችሁ። እንደገና ጨፍኑ፣ እንደገና ግለጡ። ማውስ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ይህንኑ ነው። የት እንዳለ ፈጽሞ አያውቅም፤ ከቅድሙ ቦታ ምን ያህል እንደራቀ ብቻ ነው የሚያውቀው። ማውሱን አንስታችሁ ሌላ ቦታ ስታስቀምጡት ቀስቱ ካለበት የማይነቃነቀውም ለዚህ ነው።

መንገዱ ጠጠር አልባ፣ ልሙጥ ከሆነ ብትጨፍኑም ብትገልጡም ልዩነት አታዩም፤ መስታወት ጠረጴዛ ላይ ማውስ የሚደነዝዘው በዚህ ምክንያት ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ ጠጠሮቹ ረጅም ጥላ ስለሚጥሉ የመንገዱ ሸካራነት ይጎላል። የማውስ ሠሪዎችም መብራቱን በሰያፍ የሚያበሩት የጨርቁ ክርና የእንጨቱ ስንጥቅ ጥላ እንዲጥሉ ነው። መብራቱ ድሮ ቀይ ነበር፤ ዛሬ ግን ብዙዎቹ ማውሶች ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ ስለሚጠቀሙ «መብራቱ አይበራም» ብላችሁ ደህናውን ማውስ እንዳትመልሱ። እ.ኤ.አ. በ2004 ሎጂቴክ ኤምኤክስ 1000ን ካወጣ በኋላ ለጥቂት ዓመታት የሌዘር ማውስ ገንኖ ነበር። ሌዘር ተራው የማውስ መብራት (ኤልኢዲ) በማይሠራባቸው ለስላሳ ገጾች ላይም ይሠራል፤ ጨርቅ ማውስ ፓድ ላይ ግን ከላይኛው ክር አልፎ ሥሩንም ስለሚያይ ይደናገራል። የጌም ማውስ ሠሪዎች ወደ ኤልኢዲ የተመለሱት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሎንችናው ከነፈ እንበል። ዓይናችሁን እስክትገልጡ ጠጠሯ ከቀዳዳው ወጥታ ሄዳለች፤ የምታዩት ፍጹም ሌላ መንገድ ነው። የድሮው ኤዲኤንኤስ 2051 ሴንሰር በሰከንድ 2300 ፎቶ እያነሳ መከታተል የሚችለው በሰከንድ 14 ኢንች፣ ማለትም 36 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ተጫዋች ሲደነግጥ እጁ ይህን በቀላሉ ያልፈዋል። ያኔ ማውሱ የማይገናኙ ሁለት ፎቶዎች ይዞ ይገምታል፤ ግምቱም ስለሚስት ጀግናው ድንገት ሰማዩን ወይም የገዛ እግሩን ሲመለከት ይገኛል። 3360 በሰከንድ 250 ኢንች ይችላል፤ ይህ በሰዓት 23 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣው ፒኤደብሊው 3395 ደግሞ በሰከንድ 650 ኢንች፣ በሰዓት ወደ 59 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከዚህ በላይ ማውስ የሚወረውር ክንድ አላየሁም።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልግባ። ቺፑ ጠጠሯን በምን ያውቃታል? አያውቃትም። ያለው የቅድሙና የአሁኑ ፎቶ ነው። የአሁኑን በቅድሙ ላይ ይደርብና ፒክስል በፒክስል እየቀነሰ ልዩነቱን ይደምራል። ከዚያ አንድ ፒክስል ወደ ቀኝ አንሸራቶ እንደገና ይደምራል፤ ወደ ግራ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ በሰያፍም እንዲሁ። ልዩነቱ ትንሹ የሆነበት አደራረብ ማውሱ ምን ያህልና ወዴት እንደሄደ ይነግረዋል።

ይህ መልስ ግን ሻካራ ነው፤ በሙሉ ፒክስል ብቻ ይናገራል። አንድ ፒክስል በአሥሮች የሚቆጠር ማይክሮን የሚሸፍን ሲሆን በ12000 ዲፒአይ አንዷ እርምጃ 2 ማይክሮን ገደማ ናት። ይህች የፒክስል ፍርፋሪ ከየት መጣች? ከስሌት ነው። ቺፑ ትንሹ ልዩነት የታየበትን ቦታ ከግራና ቀኝ ጎረቤቶቹ ጋር ይይዝና በሦስቱ ነጥቦች ላይ ኩርባ መስመር ያሳልፋል። የግራው ጎረቤት ከቀኙ ያነሰ ልዩነት ካሳየ የኩርባው እውነተኛ ዝቅታ ወደ ግራ ያደላል፤ ምን ያህል እንደሚያደላ ከቁጥሮቹ ይሰላል። ካሜራው ያላየውን ነገር ካየው ተነሥቶ በቅርበት መገመት ይችላል ማለት ነው፤ እኔ በበኩሌ ይህን ዘዴ ሳስተምር ዛሬም ይደንቀኛል።

እንግዲህ ዲፒአይ የካሜራው ጥራት አይደለም። ይህ ግምት በምን ያህል ቁርጥራጭ ተከፋፍሎ እንደሚነገር የሚወስን ቅንብር ነው። ግምት ደግሞ ስሕተት አያጣም፤ ብርሃኑ ይዋዥቃል፣ ቺፑም የራሱ የኤሌክትሪክ ሁከት አለው። ቁርጥራጩ ከመጠን በላይ ሲያንስ ስሕተቱ ራሱ እንደ እንቅስቃሴ ይቆጠርና ቀስቱ ይርበተበታል። አንዳንድ ሴንሰሮች ይህን ለመሸፈን በከፍተኛ ዲፒአይ የብዙ ፎቶዎችን አማካይ ወስደው ይናገራሉ። አማካይ ለመውሰድ መጠበቅ ግድ ነውና ትልቁን ቁጥር የመረጠው ሰው መዘግየትን መረጠ።

በራሴ ሙያ ላይ ስለሆነ ግን ልጠንቀቅ። የገለጽኩት የመማሪያ ክፍሉን መንገድ ነው፤ ኩባንያዎቹ እያንዳንዱን ዝርዝር ምስጢር አድርገው ይይዙታል። መዘግየቱም በሁሉም ሴንሰር ላይ እኩል አይታይም። ለከፍተኛ ዲፒአይ የሚሟገቱት ሰዎችም አንድ ትክክለኛ ነጥብ አላቸው፦ ማውሱ በሰከንድ 1 ሳንቲ ሜትር በሚያህል ዝግታ ሲነሳ የመጀመሪያዋን እርምጃ ለማሳወቅ በ400 ዲፒአይ 6 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፣ በ1600 ግን 1.6 ሚሊ ሰከንድ ብቻ። ልዩነቱ በመሣሪያ ይለካል። ከ1600 በላይ ግን ወደ 26000 ቢዘለልም የሚተርፈው ያችው 1.6 ሚሊ ሰከንድ ናት፣ እሷም በዝግታ ሲንቀሳቀሱ ብቻ። ይህን ሰው ይሰማዋል አይሰማውም የሚለው ክርክር አላለቀም፤ እኔ ስልሳ ሄርዝ ላፕቶፕ ላይ አይሰማም ባይ ነኝ።

ስልሳ ሄርዝ ያልኩት በከንቱ አይደለም። እንዲህ ያለ ስክሪን ምስሉን የሚቀይረው በየ16.7 ሚሊ ሰከንዱ ነው። የቢሮ ማውስ ለኮምፒውተሩ በሰከንድ 125 ጊዜ፣ ማለትም በየ8 ሚሊ ሰከንዱ ይናገራል፤ የጌም ማውስ 1000 ጊዜ። ይህ ዝላይ ገንዘብ ቢከፈልበት ያዋጣል። 8000 ጊዜ የሚናገሩትን ግን ለላፕቶፕ አልመክርም፤ ፕሮሰሰሩን በከንቱ ያሠሩታል፣ ባትሪም ይበላሉ።

ገመድ አልባ ካማራችሁ ብሉቱዙን ለጽሑፍ ሥራ ተዉት። በተለመደው ብሉቱዝ ሎው ኢነርጂ አጭሩ የግንኙነት ዑደት 7.5 ሚሊ ሰከንድ ስለሆነ የጌም ማውሱ ወደ ቢሮ ማውስ ፍጥነት ይወርዳል። ከማውሱ ጋር የሚመጣው ትንሹ የዩኤስቢ ሪሲቨር በ2.4 ጊጋ ሄርዝ ይሠራል፣ ፈጣንም ነው። ሆኖም ላፕቶፕ ላይ የራሱ መዘዝ አለው፦ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳሳየው የዩኤስቢ 3.0 መሣሪያዎችና ገመዶች በዚሁ ሞገድ አካባቢ ሁከት ይረጫሉ። የላፕቶፕ ቀዳዳዎች ተጠጋግተው ስለሚሠሩ ሪሲቨሩን ከዩኤስቢ 3.0 ሃርድ ዲስክ አጠገብ ስትሰኩት ማውሱ ሊቆራረጥ ይችላል። ፈውሱ ሌላ ማውስ መግዛት ሳይሆን ሪሲቨሩን በአጭር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ወደ ማውሱ ማቅረብ ነው።

ኦንላይን የምትጫወቱ ደግሞ ርቀትን አትርሱ። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በአየር ወደ 5300 ኪሎ ሜትር ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ገመዱ ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳ ደርሶ መልስ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይፈጃል። ገመዱ ደግሞ በጂቡቲና በቀይ ባሕር ሲዞር ይበልጥ ይረዝማል። ይህን የትኛውም ማውስ አይመልሰውም።

ሱቅ ውስጥ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ሞክሩ። በዊንዶውስ የማውስ ቅንብር ውስጥ «ኢንሃንስ ፖይንተር ፕሪሲዥን» የሚለውን አጥፉ፣ የፍጥነት መቆጣጠሪያውን መሐል ላይ አድርጉ፣ የስክሪኑን ስኬል 100 በመቶ አድርጋችሁ ፔይንትን ክፈቱ። ከታች የቀስቱን ቦታ የሚያሳይ ቁጥር አለ። ማውሱን በጣም በዝግታ ግፉት፤ ቁጥሩ አንድ በአንድ መጨመር አለበት። ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ወይም አራት አራት እየዘለለ የሚሄድ ከሆነ በሳጥኑ ላይ ያለው ዲፒአይ የሴንሰሩ ሳይሆን በማባዛት የተገኘ ነው። ቀጥሎ ማውስ ፓድ ላይ በኃይል ወርውሩት፤ ቀስቱ ወደ ተቃራኒው ከሸሸ ሴንሰሩ ደካማ ነው። አንድ ጊዜ ስትጫኑት ፎልደር የሚከፍት ከሆነ ደግሞ ቁልፉ ተበላሽቷል። ከዚያ በኋላ እጃችሁ ላይ የሚመቸውን፣ በሰከንድ 1000 ጊዜ (1000 ሄርዝ) የሚናገረውን፣ የሴንሰሩ ስም በግልጽ የተጻፈበትን ምረጡ፣ 800 ወይም 1600 ላይ አድርጉት። ሻጩ ማስሞከር እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።