ታቦርን መውጣት ስንት ካሎሪ ይፈጃል?

ፀሐይ ዘንበል ስትል የሐዋሳ ሐይቅ ዳር በተመላላሽ ሕዝብ ይሞላል። ተማሪው ደብተሩን፣ የቢሮ ሠራተኛው ማኅደሩን ዘግቶ ይመጣል፤ ብርታት ያለውም ወደ ታቦር ተራራ ያመራል። ከእነዚህም ብዙዎቹ የእጅ ሰዓታቸውን ወይም ስልካቸውን እያዩ «ዛሬ ይህን ያህል ካሎሪ አቃጠልሁ» ይላሉ። ለመሆኑ ይህ ቁጥር ከየት መጣ?

ሰዓቱ የሚቆጥረው እርምጃንና የልብ ትርታን ነው፤ ካሎሪውን ግን በግምት ያሰላዋል። በትክክል ለመለካት የሰውዬውን ትንፋሽ መመርመር ያስፈልጋል፤ አካላችን ከሚጠቀምበት ከእያንዳንዱ ሊትር ኦክሲጅን 5 ካሎሪ ያህል ይገኛልና። ይህ መሣሪያ የሌለን ሰዎች ግን ግምቱን በእርሳስና በወረቀት ልንደርስበት እንችላለን።

በምግብ ነገር ካሎሪ የሚባለው 1 ኪሎ ውሃን በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያሞቅ የሙቀት መጠን ነው። ሰው እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥ እንኳ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በሰዓት 1 ካሎሪ ያህል ያወጣል። በሜዳ ላይ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ሲራመድ ግን 3 ካሎሪ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሐይቁ ዳር አንድ ሰዓት ቢራመድ 180 ካሎሪ ያወጣል። ከዚህም ውስጥ 60ው ቢቀመጥም የማይቀርለት ስለ ሆነ፣ የእግሩ ዋጋ 120 ብቻ ነው።

ዳገቱስ? ይኸው ሰው 100 ሜትር ሽቅብ ቢወጣ፣ ክብደቱን ለማንሣት የሚያስፈልገው ሥራ 14 ካሎሪ ነው። ነገር ግን ጡንቻ ካወጣው ኃይል ለሥራ የሚያውለው ሩቡን ያህል ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። እንግዲህ 14ን በ4 ብናባዛ 56 ካሎሪ እናገኛለን።

ስኳር በግራም 4 ካሎሪ ይሰጣል። በአንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ቢያዝ፣ ሦስት ማንኪያ 48 ካሎሪ ነው። ከተራራው ወርዶ አንድ ብርጭቆ ሻይ በሦስት ማንኪያ ስኳር የጠጣ ሰው፣ ያን ሁሉ ያለከለከበትን ዳገት ከሞላ ጎደል መልሶ ጠጣው ማለት ነው!

ስለዚህ «ታቦርን ወጥቻለሁና እንደ ልቤ ልብላ» የሚል ሰው ሒሳቡን ደግሞ ይይ። ከዚህ የባሰው ግን ለመክሳት ሲል ምሳውን ትቶ የሚወጣው ወጣት ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ተኝቶ ቢውል ቢያድር እንኳ ልቡ፣ አንጎሉና ሳንባው በቀን 1,440 ካሎሪ ያህል ይጠይቁታል። ምሳው በመጀመሪያ የእነርሱ ድርሻ ነው፤ የተራራው ድርሻ ትንሽ ነው።

ታዲያ አንውጣ ወይ? እንውጣ እንጂ! የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ይህም ልብን ያበረታል፣ የስኳር በሽታን ያርቃል፣ ሐሳብን ያቀላል። ወንበር ላይ ለሚውል ሰው የዳገቱ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ሰዓቱ የሚያሳየው ቁጥር ይህን አይነግረውም።