ጡረተኞች የሜዲኬር ዕቅዳቸውን መለወጥ የሚችሉት መቼ ነው?

በዩናይትድ ስቴትስ ዕድሜያቸው 65 ዓመት የሞላ አረጋውያን በዋናነት የሚታከሙት ሜዲኬር በተሰኘው የመንግሥት የጤና መድን ነው። ፕሬዚደንት ሊንደን ጆንሰን እ.አ.አ. በ1965 ሕግ ሆኖ እንዲጸና የፈረሙለት ይህ መድን ለጡረተኞች ትልቅ ዋስትና ነው። ተጠቃሚዎች ዕቅዳቸውን መለወጥ የሚችሉት ግን በተወሰኑ ወቅቶች ብቻ ነው። ቀኑ ያለፈበት ሰው የማይስማማውን ዕቅድ ይዞ ወራትን ለመቆየት ሊገደድ ይችላል። ከለውጦቹም አንዳንዶቹ ለመግባት ቀላል፣ ለመመለስ ግን አስቸጋሪ ናቸው።

ሁለቱ አማራጮች

የመጀመሪያው አማራጭ መንግሥት በቀጥታ የሚያስተዳድረው ነባሩ ሜዲኬር ነው። ክፍል ኤ ሆስፒታል ተኝቶ መታከምን፣ ክፍል ቢ ደግሞ የሐኪም ወጪን፣ ምርመራንና የተመላላሽ ሕክምናን ይሸፍናል። ተጠቃሚው በመላ አገሪቱ ሜዲኬርን ወደሚቀበል ማንኛውም ሐኪም መሄድ ይችላል። ሆኖም ክፍል ቢ ከሕክምናው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ 80 በመቶውን ብቻ ስለሚከፍል ቀሪው 20 በመቶ በታካሚው ላይ ይወድቃል፤ ይህም ወጪ ጣራ አልተበጀለትም። ስለዚህ ብዙዎች ክፍተቱን የሚሞላውን ሜዲጋፕ የተሰኘ ተጨማሪ መድን፣ ለመድኃኒትም ክፍል ዲን ከግል ኩባንያዎች ይገዛሉ።

ሁለተኛው አማራጭ የግል ኩባንያዎች ከመንግሥት ጋር ተዋውለው የሚያቀርቡት ሜዲኬር አድቫንቴጅ ነው። ብዙዎቹ ዕቅዶች መድኃኒትን ይጨምራሉ፤ የጥርስና የመነጽር ጥቅም የሚሰጡም አሉ። በዓመት ከታካሚው ኪስ የሚወጣው የሕክምና ወጪም ወሰን አለው። በአንጻሩ ታካሚው በአብዛኛው ከኩባንያው ጋር ውል ባላቸው ሐኪሞችና ሆስፒታሎች ይወሰናል፤ ለአንዳንድ ሕክምናዎችም አስቀድሞ የኩባንያውን ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ምዝገባ

ወደ ሜዲኬር መግቢያው ጊዜ ሰባት ወር ነው፤ 65 ዓመት የሚሞላበት ወር፣ ከእርሱ በፊት ያሉት ሦስት ወራትና ከእርሱ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት። ለምሳሌ በሜይ ወር አጋማሽ 65 ዓመት የሚሞላው ሰው ከፌብሯሪ መጀመሪያ እስከ ኦገስት መጨረሻ መመዝገብ ይችላል።

ይህን ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት ያሳለፈ ሰው ለክፍል ቢ ለመመዝገብ እስከሚቀጥለው የጃንዋሪ 1 – ማርች 31 ወቅት ይጠብቃል። በዘገየበት በእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወርም 10 በመቶ ቅጣት በወርሃዊ ክፍያው ላይ ይታከልበታል። የክፍል ቢ መደበኛ ክፍያ በ2026 በወር 202 ዶላር ከ90 ሳንቲም ነው። ሁለት ሙሉ ዓመት የዘገየ ሰው እንግዲህ በየወሩ 40 ዶላር ያህል ይጨምራል፤ ቅጣቱም አብዛኛውን ጊዜ ክፍል ቢን እስከያዘ ድረስ አይነሣለትም።

ራሱ ወይም የትዳር ጓደኛው 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉት ድርጅት ውስጥ እየሠሩ በመሥሪያ ቤቱ መድን የሚጠቀም ሰው ግን ያለ ቅጣት መቆየት ይችላል። ሥራው ወይም መድኑ፣ ከሁለቱ ቀድሞ ካበቃው ጀምሮ፣ ስምንት ወር ይሰጠዋል። ሥራ ካቆሙ በኋላ ከራስ ኪስ እየተከፈለ የሚቀጥለው ኮብራ የተሰኘው መድን ይህን ጊዜ አያራዝምም።

በየዓመቱ የሚከፈተው ወቅት

በሜዲኬር ውስጥ ላሉ ሁሉ ዋነኛው የለውጥ ጊዜ በየዓመቱ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በአብዛኞቹ ዓመታት ከጥቅምት 5 እስከ ኅዳር 28 ማለት ነው። በዚህ ወቅት ከነባሩ ሜዲኬር ወደ አድቫንቴጅ፣ ከአድቫንቴጅ ወደ ነባሩ፣ ከአንዱ አድቫንቴጅ ወደ ሌላው መዛወር፣ የመድኃኒት ዕቅድ መያዝ፣ መለወጥ ወይም መተው ይቻላል። ለውጡ በሥራ ላይ የሚውለው ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ነው።

ምንም ያላደረገ ሰው ዕቅዱ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይታደሳል። የሚታደሰው ግን በአዲሱ ዓመት ዋጋና ደንብ ነው። አምና በዝርዝሩ የነበረ መድኃኒት ዘንድሮ ሊወጣ፣ የለመዱት ሐኪም ከኩባንያው ጋር የነበረው ውል ሊቋረጥ ይችላል። ኩባንያዎች በየዓመቱ በሴፕቴምበር ወር የሚልኩት የለውጥ ማስታወቂያ ይህን ስለሚዘረዝር ሳይነበብ ሊጣል አይገባም።

ሁለተኛ ዕድል ለአድቫንቴጅ ተጠቃሚዎች

አዲሱ ዓመት ሲገባ ዕቅዱ እንዳልተስማማው የተረዳ የአድቫንቴጅ ተጠቃሚ ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 አንድ ጊዜ ብቻ ሌላ አድቫንቴጅ መምረጥ፣ ወይም ወደ ነባሩ ሜዲኬር ተመልሶ የመድኃኒት ዕቅድ መያዝ ይችላል። በነባሩ ሜዲኬር ያለ ሰው በዚህ ወቅት ወደ አድቫንቴጅ መዛወር አይችልም።

ልዩ ወቅቶች

ከነዚህ ቀኖች ውጭም ሕጉ ለሕይወት ለውጦች በር ይከፍታል። ዕቅዱ ከሚሠራበት አካባቢ ወደ ሌላ ቦታ የተዛወረ፣ የመሥሪያ ቤት መድኑ የተቋረጠበት ወይም ኩባንያው ዕቅዱን የዘጋበት ሰው ሌላ ለመምረጥ የተወሰነ ጊዜ ያገኛል። ዝቅተኛ ገቢ ኖሯቸው ሜዲኬድ ወይም ኤክስትራ ሄልፕ የተባለውን የመድኃኒት ድጋፍ የሚያገኙ ሰዎችም በወር አንድ ጊዜ ወደ ነባሩ ሜዲኬርና ለብቻው ወደሚሸጥ የመድኃኒት ዕቅድ መዛወር ይችላሉ።

የመመለሻው እንቅፋት

ከአድቫንቴጅ ወደ ነባሩ ሜዲኬር መመለስ መብት ነው። ሜዲጋፕን ማግኘት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ኩባንያዎች ማንኛውንም አመልካች በጤናው ሁኔታ ምክንያት ሳይከለክሉ እንዲቀበሉ የሚያስገድደው፣ ሰውየው 65 ዓመት ሞልቶት ክፍል ቢን ከያዘበት ወር ጀምሮ ባሉት ስድስት ወራት ነው። ከዚያ በኋላ በአብዛኞቹ ግዛቶች ኩባንያው የጤና ታሪክ ጠይቆ ሊከለክል ወይም ዋጋ ሊጨምር ይችላል። ኒውዮርክ፣ ኮነቲከት፣ ማሳቹሴትስና ሜይን ከዚህ የሰፋ ጥበቃ አላቸው።

65 ዓመት እንደሞላው በቀጥታ አድቫንቴጅ የመረጠ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ሐሳቡን ከቀየረ ሜዲጋፕ የመግዛት መብቱ ይጠበቅለታል። ዓመቱ ካለፈ በኋላ ስኳር፣ የልብ ሕመም ወይም ካንሰር የያዘው ጡረተኛ ያለ ሜዲጋፕ 20 በመቶውን ራሱ ለመክፈል ሊገደድ ይችላል። ስለዚህ ነባሩን ትቶ ወደ አድቫንቴጅ ለመግባት የሚያስብ ሰው ከወርሃዊው ክፍያ በተጨማሪ ሲታመም የመመለሻ መንገድ ይኖረው እንደሆነ አስቀድሞ ማጤን ይኖርበታል።

አገር ቤት ለሚከርሙ

በርካታ ኢትዮጵያውያን ጡረተኞች የዓመቱን ከፊል በአገር ቤት ያሳልፋሉ። ሜዲኬር ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ከዩናይትድ ስቴትስ ውጭ ለተሰጠ ሕክምና አይከፍልም። አንዳንድ የሜዲጋፕ ዓይነቶች በጉዞው የመጀመሪያ 60 ቀናት ውስጥ ለተከሰተ ድንገተኛ ሕመም፣ 250 ዶላር ከተከፈለ በኋላ፣ 80 በመቶውን ይሸፍናሉ፤ የዕድሜ ልክ ወሰኑም 50,000 ዶላር ነው። በአድቫንቴጅ የታቀፈ ሰው በበኩሉ ከዕቅዱ አካባቢ በተከታታይ ከስድስት ወር በላይ ከራቀ በአብዛኛው ከዕቅዱ ይሰረዛል።

ኑሮውን ጠቅልሎ ወደ ኢትዮጵያ ያዛወረ ሰው ሲመለስ የአድቫንቴጅ ወይም የመድኃኒት ዕቅድ ለመያዝ ሁለት ሙሉ ወራት ይሰጠዋል። ወርሃዊውን ክፍያ ለማዳን ክፍል ቢን የተወ ግን በተለምዶ እስከ ጃንዋሪ መጠበቅና ቅጣቱን መክፈል ይጠብቀዋል።

ከመወሰን በፊት

በእያንዳንዱ ግዛት ሺፕ በሚባለው መርሐ ግብር ከኩባንያዎች ገለልተኛ የሆኑ አማካሪዎች ያለ ክፍያ ያግዛሉ። የሜዲኬር የስልክ መስመር 1-800-633-4227 ሲሆን፣ ደዋዩ አማርኛ አስተርጓሚ በነጻ መጠየቅ ይችላል። ወደ ምክሩ ሲሄዱ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ከነመጠናቸው፣ እንዲሁም የሐኪሞቻቸውን ስም ጽፈው የያዙ ሰዎች ዕቅዶችን ማነጻጸር ይቀላቸዋል። ሳይጋበዝ ደውሎ የሜዲኬር ቁጥር ለሚጠይቅ ሰው ቁጥሩን መስጠት አይገባም።