ብዙ መንገድ የሄደች የናፍጣ መኪና በቤተ ሰብ እጅ

መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ፥ አሮጌ መኪና ያለው ሰው በሩን የሚያንኳኳ ደላላ አላጣም። ወደ እኛም መጥተዋል። ከ14 ዓመት በፊት ከአንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን የገዛናትን መርቸዲስ ቤንዝ 240 ዲ እየዞሩ ካዩ በኋላ፥ «ጋሼ፥ ይህችን አሁን ካልሸጧት መቼ ሊሸጧት ነው?» ይሉናል። ጥያቄው የደላላ ጥያቄ ቢሆንም ከንቱ አይደለም። በብዙ ቤት ያለ ጥያቄ ስለ ሆነ፥ ካየነውና ከተማርነው ጥቂቱን ለአንባብያን ልናካፍል ወደድን።

የናፍጣ ሞተር ዕድሜው የሚረዝምበትን ምክንያት ለመረዳት አሠራሩን በጥቂቱ ማወቅ ይገባል። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው ከካንዴላ በሚወጣ ብልጭታ ነው። የናፍጣ ሞተር ግን አየሩን ብቻ ስቦ በኀይል ይጨምቀዋል፤ አየሩም ከመጨመቁ የተነሣ እጅግ ይግላል፤ በዚያን ጊዜ ናፍጣው ሲረጭበት ያለ ብልጭታ በራሱ ይነዳል። ይህን ሐሳብ በሥራ የገለጠው ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው መሐንዲስ ነው፤ ሞተሩም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1897 በጀርመን አገር በአውግስቡርግ ከተማ በሚገባ ሠርቶ ታየ። በ240 ዲ ሞተር ውስጥ አየሩ ከ20 እጅ በላይ ይጨመቃል። ይህን ግፊት ይችል ዘንድ ብረቱ ወፍራምና ከባድ ሆኖ ተሠራ፤ አዟዟሩም ዝግ ያለ ነው። ጉልበቱ መጀመሪያ ሲወጣ 65 የፈረስ ጉልበት ብቻ ስለ ነበረ፥ በዳገት ላይ ከበስተኋላ የሚመጣ ሰው ጥሩምባውን ቢነፋብን አንፈርድበትም።

ስለ እነዚህ መኪናዎች ረጅም ዕድሜ ሲወራ የአንድ ግሪካዊ ታሪክ ዘወትር ይጠቀሳል። ግሪጎሪዮስ ሳኪኒዲስ የተባለው ይህ ሰው፥ ስሟን ከሐዋርያው መልእክት በምናውቃት በተሰሎንቄ የታክሲ ነጂ ነበረ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1976 የተሠራችውን 240 ዲ ብዙ ዘመን ሲነዳት ኖሮ በ2004 ለፋብሪካው ሙዚየም ሲሰጣት፥ የሄደችው መንገድ 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር። የመምህርነት ልማድ ሆኖብን በሒሳብ ብናወጣው፥ ምድርን በወገቧ 115 ጊዜ ያህል መዞር ማለት ነው። በ28 ዓመት ብናካፍለው ደግሞ በየቀኑ 450 ኪሎ ሜትር ይደርሳል።

ታሪኩን የሚያወሩ ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚያስቀሩት ነገር አለ። ያ ሁሉ መንገድ በአንድ ሞተር አልተሄደም፤ ሰውዬው አንዱ ሞተር ሲደክም አውርዶ ሌላውን ይገጥም ነበር። ሌላም ልዩነት አለ። ታክሲ ከጧት እስከ ማታ ስለሚሠራ ሞተሩ ሙቀቱን አይለቅም። የቤት መኪና ግን ልጆችን ትምህርት ቤት አድርሳ ትቆማለች፤ ትበርዳለች፤ እንደ ገና ትነሣለች። ሞተርን ከሁሉ ይልቅ የሚበላው ይህ ገና ሳይሞቅ መሥራቱ ነው። ስለዚህ በከተማ ውስጥ በአጭር በአጭሩ 300,000 ኪሎ ሜትር የሄደች መኪና፥ በረጅም መንገድ 600,000 ከሄደችው ይልቅ አርጅታ ልትገኝ ትችላለች። መኪና የሚገዛ ሰው ቁጥሩን ብቻ አይቶ እንዳይፈርድ ይህን ያስብ።

ጎረቤታችን መኪናዪቱን ሲያስረክቡን ከቁልፉ ጋር አንድ ወፍራም ደብተር ሰጡን። ዘይቱ የተለወጠበት ቀን፥ የተገዛው ማጣሪያ፥ የተፈታው ብሎን ሳይቀር በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ተጽፎበታል። የመጨረሻው ቁጥር 438,000 ነበረ። በቤታችን «ባሕረ መዝገብ» እየተባለ እስከ ዛሬ ይጻፍበታል። የኪሎ ሜትር መቁጠሪያዋ 512,000 ላይ ሲቆም የደብተሩ ጥቅም ይበልጥ ታወቀን፤ ከዚያ ወዲህ መንገዱን የምንገምተው በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ያህል እንደምትጠጣ ይዘን፥ በተቀዳው ናፍጣ ልክ ነው። ዘይቷን በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ እንለውጣለን። በነገራችን ላይ፥ የናፍጣ ሞተር ዘይት በተለወጠ በጥቂት ቀን ውስጥ ይጠቁራል፤ ጥላሸቱን አጥቦ መያዙ ሥራው ስለ ሆነ፥ «ዘይቱ ጠቁሯል፤ ሞተሩ ተበላሽቷል» የሚል ሰው ቢመጣ አትደንግጡ።

ከስምንት ዓመት በፊት መኪናዪቱ በሐምሌ ብርድ ጧት ጧት አልነሣ አለች። አንድ ጋራዥ ወሰድናት፤ ካንዴሌታዎቹ ተለወጡ፤ አልዳነችም። እንደ ገና ተለወጡ። በመጨረሻም ሞተሩ ወርዶ ይታደስ ተባለና የተጠየቅነው ገንዘብ የብዙ ወር ደመወዛችንን የሚፈጅ ሆነ። ልንሸጣት ቆርጠን ሳለ አንድ አረጋዊ መካኒክ የሞተሩን ድምፅ ቆመው አዳመጡና፥ «መምህር፥ ይህ ሞተር አልሞተም፤ ትንፋሽ አጥሮት ነው እንጂ። ቫልቩን ያስተካከላችሁት መቼ ነው?» አሉ። ደብተሩን ስንገልጥ በእኛ እጅ ከገባች ጀምሮ ቫልቭ የሚል ቃል አልተጻፈም፤ በሽማግሌው ጽሕፈት ግን በየ24,000 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ተጽፎ ነበር። ለካ ቫልቭ ከመቀመጫው ጋር እየተበላ ሲሄድ ሊኖረው የሚገባው ቀጭን ክፍተት ይጠባል፤ ክፍተቱ ሲጠፋ ቫልቩ ገጥሞ አይዘጋም፤ የተጨመቀው አየር ያመልጣል፤ ናፍጣውን የሚያነድ ሙቀትም አይገኝም። ሥራው ግማሽ ቀን ፈጀ። በማግሥቱ ጧት መኪናዪቱ በመጀመሪያው ተነሣች፤ እኛም ደብተሩን ተቀብለን ሳናነበው በመቅረታችን አፈርን።

እስካሁን የጻፍነው ሁሉ መኪናዪቱን ያዙ የሚል ይመስላል። የቤታችን እመቤት ግን ሌላ ነገር አሳየችን። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን በግቢው ገመድ ላይ የተሰጣ ነጠላዋን አውርዳ አመጣች። መኪናዪቱ ጧት ጧት ለመሞቅ እየተነሣች በምትቆምበት በኩል ያለው ጥለት ግራጫ ሆኗል። «ይህ በነጠላዬ ላይ የተቀመጠው፥ በልጁ ደረት ውስጥ የት ይቀመጣል?» አለችን። ታናሹ ልጃችን በዚያ ክረምት ሳል አልለቀቀውም ነበር። ሳሉ ከጢሱ ነው ለማለት አንደፍርም፤ ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በሰኔ 2004 ዓ.ም. የናፍጣ ሞተር ጢስ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች ወገን መሆኑን አስታውቋል። መልስ አጣን።

ወደ አረጋዊው መካኒክ ተመለስን። ከማርሚታው የሚወጣው ጢስ ሰማያዊ ቢሆን ዘይት እየነደደ ነው፤ ነጭ ሆኖ ቢቀር ያልነደደ ናፍጣ ወይም ውኃ ነው፤ ጥቁር ቢሆን ግን ናፍጣው በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል ብለው አስረዱን። የእኛው ጥቁር ነበረ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ፖምፓው ግን ለባሕር ዳር እንደ ተለካ ናፍጣውን ይረጫል፤ የተረፈው ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ፖምፓው ለከተማችን ከፍታ ተለካ፤ የተበሉት መርጫዎች ተለወጡ፤ አቧራ የደፈነው የአየር ማጣሪያም እንዲሁ። በግቢ ውስጥ አስነሥቶ ማቆምም ቀረ፤ ለሞተሩም ቢሆን ወዲያው በዝግታ እየሄደ ቢሞቅ ይሻለዋል።

ከዚያ በኋላ ከባለቤታችን ጋር አንድ ውል ገባን። በየሦስት ወሩ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ነጭ ጨርቅ ከማርሚታው አፍ ፊት ለአንድ ደቂቃ ይያዛል። ጨርቁ ቢጠቁር ወደ መካኒክ ትሄዳለች፤ መካኒኩ የሚያደርገው ካጣ ትቆማለች። «ያን ጊዜ እንሸጣታለን» ብንል፥ «የሌላ ሰው ልጅ ደረት የለውም?» አለችን። ስለዚህ በውሉ ውስጥ መሸጥ የሚል ቃል አልገባም፤ ዕቃዋ ተፈትቶ ለሌሎች መለዋወጫ ይሆናል።

በዚህ ወር መጀመሪያ አንድ ደላላ መጥቶ ከሁሉም የበለጠ ዋጋ ሰጠን። የቆመውን መቁጠሪያ እርሱ ራሱ አሠርቶ 180,000 ላይ እንደሚያደርገው ነገረን፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ባሕረ መዝገብ አየና፥ «ጋሼ፥ ይህን ደብተር ለገዢ ባያሳዩት ይሻላል» አለ። ቡናውን ጠጥቶ በሰላም ሄደ።

ባለፈው ቅዳሜ ጨርቁ ተያዘ። ጫፉ ግራጫ ሆነ እንጂ አልጠቆረም። ባለቤታችን ወደ ብርሃን አውጥታ ደጋግማ አየችው፤ ከዚያም ታናሹ ልጃችን ቀኑንና «ግራጫ» የሚለውን ቃል በደብተሩ ጻፈ፤ ከበታቹም እኛ «ቫልቭ፥ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በኋላ» ብለን ጨመርንበት።