ፈጣኑ ካርድና ሰፊው ካርድ

የሕንፃ ዲዛይን የሚሠራ ወዳጄ አንድ ሌሊት ከቢሮው ደወለልኝ። በማግሥቱ ለደንበኛ የሚያሳየው የሳሎን ምስል ነበረው፤ ብሌንደር በሚባለው ፕሮግራም ላይ ሬንደሩን፣ ማለትም ምስሉን አስልቶ ማውጣቱን፣ ባስጀመረ ቁጥር ግን ጥቂት ይሄድና የግራፊክስ ካርዱ ሚሞሪ ሞልቷል ብሎ ይቆማል። ካርዱ አር ቲ ኤክስ 3060 ቲ አይ ነው። «ከቢሮው ሁሉ ፈጣኑ የእኔ ነው እኮ!» አለኝ፤ እውነቱን ነበር። ቸግሮት ፋይሉን በፍላሽ ይዞ አጠገቡ ወዳለው ጠረጴዛ ሄደ። እዚያ ያለው ዋጋውም ፍጥነቱም የሚያንሰው 3060 ነው። ቀስ እያለ ሠርቶ ሊነጋጋ ሲል ጨረሰው።

ሁለቱ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ኤንቪዲያ ታላቁን፣ 3060 ቲ አይን፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 በ399 ዶላር ለገበያ አቀረበ፤ 3060 በፌብሩዋሪ 2021 በ329 ዶላር ተከተለ። ዛሬም ያገለገለ ካርድ የሚፈልግ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ያገኛቸዋል፤ የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄም አብሮ ይመጣል።

ግራፊክስ ካርድ ምን እንደሚሠራ ካላሰብን ቁጥሮቹ ባዶ ናቸው። ተራ የሚባለው ባለ 1920 በ1080 ስክሪን ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች አሉት። አንድ ጌም በሴኮንድ 60 ጊዜ ምስል ይቀያይር ከተባለ በየሴኮንዱ ከ124 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች ቀለማቸው ተሰልቶ መውጣት አለበት። ሲፒዩ ጥቂት ብርቱ ሠራተኞች ያሉት ቤት ነው፤ የተወሳሰበውን ሥራ ተራ በተራ ያስኬዳል። ግራፊክስ ካርድ ግን ደቦ ነው። አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ሁሉም የየድርሻውን ያጭዳል።

የደቦው ሰዎች ኩዳ ኮር ይባላሉ። 3060 ላይ 3584፣ ቲ አይው ላይ 4864 ናቸው፤ በ36 በመቶ ይበልጣሉ። በእያንዳንዱ ኮር የፍጥነት ጣሪያ ትንሹ በጥቂቱ ይቀድማል፤ 1777 ሜጋኸርዝ ሲሆን ቲ አይው 1665 ነው። ይህች ግን የሰው ብዛቱን አትመልስም። የሁለቱም ቺፕ በሳምሰንግ የ8 ናኖሜትር ዘዴ የተመረተ ነው፤ ቢሆንም አንድ ቺፕ አይደለም። ቲ አይው ላይ ያለው የትልቁ የ3070 ቺፕ ሲሆን ከፊሉ ክፍል ተዘግቶ ነው የሚሸጠው። ስማቸው የሚለየው በሁለት ፊደል ብቻ ቢሆንም ልዩነቱ ከስማቸው ይሰፋል።

እንግዲህ ትንሹ ካርድ 12 ጊጋባይት ሚሞሪ ሲኖረው ትልቁ 8 ብቻ ይዞ የቀረው ለምንድን ነው? ብዙ ሰው የማስታወቂያ ብልሃት ይመስለዋል። ምክንያቱ ግን ካርዱን ፈትቶ ለተመለከተ በዓይን ይታያል። በቺፑ ዙሪያ ጥቋቁር አራት ማዕዘን የሚሞሪ ቺፖች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ከመሀለኛው ጋር የሚገናኘው በ32 ቢት መስመር ነው። የ3060 መስመር በጠቅላላው 192 ቢት ስለሆነ ስድስት ቺፕ ይይዛል፤ የቲ አይው 256 ቢት ስለሆነ ስምንት። በዚያን ጊዜ የነበሩት ቺፖች ባለ 1 ወይም ባለ 2 ጊጋባይት ነበሩ። ስለዚህ 3060 ያለው ምርጫ 6 ወይም 12፣ ቲ አይው ያለው 8 ወይም 16 ብቻ ነው። 6 ለጊዜው ያንሳል ተብሎ 12 ሆነ፤ ለቲ አይው ደግሞ 8 ይበቃል ተባለ።

ሰፊው መስመር ለቲ አይው ሌላ ጥቅም ሰጥቶታል። በሴኮንድ 448 ጊጋባይት ያመላልሳል፤ 3060 ደግሞ 360። ኮሩም መስመሩም ሲደመር፣ አብዛኛው ጌም ላይ ቲ አይው ሩብ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀድማል። ለጌም ብቻ የሚገዛ ሰው ቢጠይቀኝ ያለ ማመንታት ቲ አይውን እለዋለሁ። አዳዲሶቹን ከባድ ጌሞች የምስል ጥራታቸውን ጣሪያ አድርሶ መጫወት የሚፈልግ ግን 8 ጊጋባይቱ ሲሞላ ምስሉ እየተንቀጠቀጠ እንደሚቆራረጥ ይወቅ።

ሚሞሪ የደቦው አውድማ ነው። አውድማው ለእህሉ እስከበቃ ድረስ ስፋቱ ፍጥነት አይጨምርም፤ ባዶ ቦታ አይወቃም። ሞልቶ ሲተርፍ ግን ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ሥራው ወይ ይቋረጣል፣ ወይ ካርዱ ከኮምፒውተሩ ራም መዋስ ይጀምራል። ወደ ራም የሚወስደው የማዘርቦርዱ መንገድ፣ ፒ ሲ አይ ኢ 4.0 ቢሆን እንኳ፣ በሴኮንድ 32 ጊጋባይት ገደማ ነው የሚያሳልፈው። ከ448 ጋር ሲነጻጸር አንድ አሥራ አራተኛ መሆኑ ነው። ማዘርቦርዱ አሮጌ ከሆነ ደግሞ በግማሽ ይቀንሳል። ያን ጊዜ 4864ቱም ሠራተኞች እጃቸውን አጣጥፈው ጭነት ይጠብቃሉ።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል ቤቱ ላይ ማስኬድ የሚፈልግም ይህንኑ ስሌት ይሥራ። 13 ቢሊዮን ፓራሜትር ያለው ሞዴል እያንዳንዱ ፓራሜትር ወደ 4 ቢት ቢታመቅ እንኳ ለራሱ ብቻ 6.5 ጊጋባይት ይፈልጋል። ለንግግሩ የሚያስፈልገው ቦታና ስክሪኑ የሚወስደው ሲታከል 8 ይጨናነቃል፤ 12 ላይ ግን እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል።

ገዢ የሚሳሳትበት አንድ ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ በዚያው በ3060 ስም ባለ 8 ጊጋባይት ካርድ ወጥቷል። መስመሩ ወደ 128 ቢት፣ የሚያመላልሰውም ወደ 240 ጊጋባይት ወርዷል። የትልቁ ፍጥነትም የታናሹ ስፋትም የለውም፤ ስሙ ግን ያው ነው። የላፕቶፑ 3060 ደግሞ 6 ጊጋባይት ነው። ሻጩ «3060 ነው» ካለ በኋላ ስንት ጊጋባይት እንደሆነ መጠየቅ፣ ከተቻለም ሰክቶ ማየት ያስፈልጋል። ፓወር ሰፕላዩም አይዘንጋ፦ 3060 እስከ 170 ዋት፣ ቲ አይው እስከ 200 ዋት ይበላሉ፤ ኩባንያው ለኮምፒውተሩ በጠቅላላ 550ና 600 ዋት ይመክራል።

ወዳጄ ካርዱን ለመለወጥ ተነሥቶ ነበር። በማግሥቱ ፋይሉን አብረን ከፈትነው። ከሳሎኑ መስኮት ውጭ፣ በመጋረጃው በኩል በጭላንጭል የሚታዩ ዛፎች ነበሩ። የእያንዳንዱ ቅጠልና ግንድ ምስል 4096 በ4096 ነጥብ ነው። አንዱ ብቻ ሚሞሪ ላይ ሲፈታ 64 ሜጋባይት ይይዛል፤ እነሱ ደግሞ በርካታ ደርዘን ነበሩ። ሩቅ ያሉትን ወደ 2048 ዝቅ አደረግናቸው፤ አንዱ ወደ 16 ሜጋባይት ወረደ። ሁለቱን ምስሎች አጉልተን ብናስተያይ ዛፎቹ ላይ ልዩነት ማግኘት አልቻልንም። ከዚያ በሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ እኩል አስጀመርናቸው። ያ ሌሊቱን አልሄድም ያለው ሳሎን በራሱ ካርድ ላይ ከጎረቤቱ ቀድሞ አለቀ።